ፎርሙላውን አውቃለሁ፤ ኦሲሌተሬ ግን አልሰማ አለኝ

እህተ_ሞገድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሬዲዮ ሰርኪት ዲዛይን አድርጎ መሥራት መማር እፈልጋለሁ። ከኢንተርኔት የተገኘ ዲያግራም መገጣጠም ማለቴ አይደለም። ራሴ አስቤ፣ ራሴ አስልቼ፣ ራሴ በይጄ ማለቴ ነው። ቲዎሪው ብዙም አይከብደኝም። ሬዞናንስ፣ ኢምፒዳንስ፣ ሞዱሌሽን ሲባል ይገባኛል። ወደ እጅ ሥራው ስመጣ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ለምሳሌ 7 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ኮልፒትስ ኦሲሌተር (ሲግናል የሚያመነጭ ሰርኪት) ልሥራ አልኩ። የታንኩ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውን የሚወስኑት የኮይልና የካፓሲተር ጥምረት፣ ጠቅላላ ካፓሲታንስ 100 ፒኮፋራድ እንዲሆን መረጥኩ። በዚህ ሂሳብ ኢንዳክተሩ (ኮይሉ) 5.17 ማይክሮሄንሪ ይሆናል። ቲ50-2 በሚባለው ቀይ ቶሮይድ (ሽቦ የሚጠመጠምበት ቀለበት) ላይ 32 ተኩል ዙር ይመጣል። ግማሽ ዙር የሚባል ነገር ስለሌለ 33 ጠመጠምኩ። ትራንዚስተሩ 2ኤን3904 ነው። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሰካክቼ ኦሲሎስኮፑን ሳገናኘው 6.2 ሜጋኸርዝ! እጄን ሳስጠጋ ደግሞ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ከዚያ በፊት ባለ አንድ ትራንዚስተር የኤፍኤም ማሰራጫም ሞክሬ ነበር። እሱማ ጭራሽ ወፍ የለም።

ያለኝ መልቲሜትርና አንድ ያገለገለ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ነው። ከየት ልጀምር? ሌላ ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? ኮምፒውተር ላይ ሲሙሌት ማድረጉ ይበቃል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? የሠራችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

ጋሽ_ሽቦ፦

እህቴ፣ ኦሲሌተርሽ ምንም አልሆነም። አንቺ ያልጻፍሽውን ዕቃ ሁሉ ቆጥሮ እየነገረሽ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው።

መጀመሪያ ኮይሉ። ቀዩ ቲ50 በዙር ስኩዌር 4.9 ናኖሄንሪ ይሰጣል። 33 በ33፣ ከዚያ በ4.9 ስታባዢው 5.34 ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ100 ፒኮፋራድ ጋር መጠበቅ የነበረብሽ 6.89 እንጂ 7 አይደለም። አሁን ከ6.2 ተነስተሽ ወደ ኋላ አስዪ። ታንኩ ውስጥ ያለው 123 ፒኮፋራድ ሆኖ ይመጣል። ታዲያ 23ቱን ማን አመጣው?

የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ (የመለኪያው ገመድ) ባለ 10 እጥፍ ላይ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ፒኮፋራድ ይዞ ይመጣል። ባለ 1 ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ 100 ይጠጋ ነበር፤ ያኔ ኦሲሌተሩ ከናካቴው ላይነሳም ይችላል። ብሬድቦርዱ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም የብረት ቁራጮች አሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ጥቂት ፒኮፋራድ ነው። ትራንዚስተሩም የራሱን ጥቂት ይጨምራል። ካፓሲተሩ ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ከተጻፈ ደግሞ እሱ ብቻውን 5 ፒኮፋራድ ወዲያና ወዲህ ነው። ደምሪው፤ 23 ሞላ።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። ቶሮይድ ላይ ዙር የሚቆጠረው በቀዳዳው ውስጥ ነው። ሽቦው አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቢያልፍ እንኳ 1 ዙር ተብሎ ይያዛል። በውጭ በኩል ከቆጠርሽ ያንቺ 33 በትክክል 34 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሂሳቡ ሁሉ ይዛባል።

የኤፍኤም ማሰራጫሽ ለምን ዝም እንዳለም ከዚሁ ይገባሻል። 100 ሜጋኸርዝ ላይ 0.1 ማይክሮሄንሪ ኮይል ካለሽ የሚያስፈልግሽ 25 ፒኮፋራድ ብቻ ነው። ብሬድቦርዱና ትራንዚስተሩ ተባብረው ብዙውን ይወስዱብሻል። በዚያ ላይ የአንድ ካፓሲተር እግር በሴንቲሜትር ወደ 10 ናኖሄንሪ ይሆናል። 100 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ 6 ኦም ነው። ግራውንድ ያልሽው ቦታ ግራውንድ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ በኤፍኤም ማሰራጫ ሀ ብሎ የሚጀምረው ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ነው። ለእኔ ግን ለጀማሪ ከዚያ የባሰ ምርጫ የለም። ሲሠራ ለምን እንደሠራ አይታወቅም፤ ሲያቆምም እንዲሁ። ደግሞም ያለ ፈቃድ ማሰራጨት የሚያስጠይቅበት አገር ብዙ ነው።

ስለዚህ ብሬድቦርዱን ለኤልኢዲ ማብሪያ አቆይው። መዳብ የለበሰ የሰርኪት ሰሌዳ ቁራሽ ፈልጊ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጊው። ላዩ ያለው መዳብ በሙሉ ግራውንድ ነው። ወደ ግራውንድ የሚሄድ እግር ሁሉ ባጭሩ ተቆርጦ እዚያው መዳቡ ላይ ይበየዳል። ወደ ግራውንድ የማይሄደው መገናኛ አየር ላይ ይቀራል። ካፓሲተሩና ሬዚስተሩ ራሳቸው ይሸከሙታል። የሚሸከመው ከጠፋ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አቁመሽ በይጂበት፤ ሰርኪቱ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ትራንዚስተሩ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ ሲያነሳ የሞተ በረሮ ይመስላል። አያምርም። ግን 7 ሜጋኸርዝ ላይ ካማረው ብሬድቦርድ እጅግ የተሻለ ይሠራል። የባትሪው መስመር ወደ ሰርኪቱ በሚገባበት ቦታ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በአጭር እግር ወደ መዳቡ አውርጂ።

መዳብ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ይበላል። የብየዳው ጫፍ ቀጭን ከሆነ ሊዱ ይደበለበልና ሳይጣበቅ ይቀራል። ወፈር ያለ ጫፍ ተጠቀሚ። መዳቡን ቀድመሽ ሊድ አልብሺው፣ ከዚያ እግሩን አምጪ።

ለመለካት ደግሞ ፕሮቡን ታንኩ ላይ አትስቀዪው። አንድ ሽቦ በቶሮይዱ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፊና ፕሮቡን የዚያ ሽቦ ሁለት ጫፎች ላይ አድርጊ። 33 ለ1 ትራንስፎርመር ሆነ ማለት ነው። የፕሮቡ 12 ፒኮፋራድ ታንኩ ዘንድ ሲደርስ ለ33 ስኩዌር ይካፈላል። ከአንድ ሺህ በላይ ጊዜ አነሰ፤ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። የምታዪው ሲግናል ትንሽ ይሆናል፤ ለፍሪኩዌንሲ ግን ይበቃል።

አሁን ከየት ልጀምር ላልሽው። ሪሲቨር ሥሪ፤ 7 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ዳይሬክት ኮንቨርዥን የሚባለውን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአንቴና የመጣው 7.031 ነው እንበል። ያንቺ ኦሲሌተር 7.030 ላይ ነው። ሁለቱ ሚክሰር (ሁለት ሲግናል የሚያደባልቅ ክፍል) ውስጥ ሲገናኙ ልዩነታቸው 1 ኪሎኸርዝ ሆኖ ይወጣል። 1 ኪሎኸርዝ በጆሮ የሚሰማ ድምፅ ነው። መሃል ላይ ሌላ ጣጣ የለም፤ የቀረው ማጉላት ነው።

ግን ከአንቴናው አትጀምሪ። ከጆሮ ማዳመጫው ጀምረሽ ወደ ኋላ ነይ። መጀመሪያ ድምፅ ማጉያውን ሥሪ። ኤልኤም386 የሚባለው የድምፅ ማጉያ ቺፕ ብቻውን 20 እጥፍ ያጎላል። በ1ኛውና በ8ኛው እግሩ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ስታስገቢ 200 እጥፍ ይሆናል። መግቢያውን በጣትሽ ስትነኪው “እምምም” ካለ ነፍስ ዘርቷል። ከፊቱ ባለ አንድ ትራንዚስተር ማጉያ ጨምሪበት፤ ኤልኤም386 ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ኦሲሌተር። ከዚያ ሚክሰር፣ ከዚያ የመግቢያ ፊልተር። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ለሚቀጥለው መፈተኛ መሣሪያ ይሆንልሻል። ሁሉንም ገጣጥሞ አንድ ቀን ማብሪያውን መጫን የሚወዱ ሰዎች አሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ሲፈልጉ ይከርማሉ።

ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ደግሞ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፊ። ይህ ትራንዚስተር ኮሌክተሩ ላይ ስንት ቮልት ይኖረዋል? ስንት እጥፍ ያጎላል? ከዚያ ለኪ። ቁጥሩ ካልገጠመ አሁን 23 ፒኮፋራዱን እንደፈለግነው ልዩነቱን ፈልጊ። ዲዛይን ማድረግ የሚባለው ለእኔ ይህ ነው። የሰው ዲያግራም ቀድቶ የሠራለት ሰው ሬዲዮ አገኘ እንጂ ሬዲዮ አልተማረም።

ዲሲቤል፦

ጋሽ ሽቦ ባሉት አብዛኛው እስማማለሁ። ሲሙሌሽኑን ግን እንዲሁ ዘለሉት። እኔ ሳልሲሙሌት የብየዳ ካውያ አላነሳም።

ኤልቲስፓይስ የሚባለው ሲሙሌተር ነፃ ነው። ችግሩ ሰው ንጹሕ ዲያግራም ያስገባና ንጹሕ መልስ ይጠብቃል። እያንዳንዱ መገናኛ ላይ 3 ፒኮፋራድ ወደ ግራውንድ ጨምሪ። ኮይሉን በሬዚስተር አጅቢው፤ ኪው (የኮይሉ ጥራት መለኪያ) 150 ወይም 200 እንዲሆን። ከዚያ ስክሪንሽ ላይ ያለው ቁጥርም ከ7 ወርዶ ወደዚያ 6.2 ይጠጋል። ሌላው፣ ሲሙሌተር ውስጥ ኦሲሌተር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብታዪ አትደንግጪ። እውነተኛ ሰርኪት የሚነሳው ከኖይዝ ነው፤ ሲሙሌተሩ ውስጥ ኖይዝ የለም። የባትሪውን ቮልት ከዜሮ እንዲነሳ አድርጊው፤ ይነቃል።

ስለ መሣሪያ፦ ትርፍ ገንዘብ ካለሽ ሌላ ኦሲሎስኮፕ አትግዢ። ናኖቪኤንኤ የሚባለውን ትንሽ መለኪያ ግዢ። ፊልተርሽ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውን እንደሚያቆም በግራፍ ታያለሽ። ኮይልሽ በትክክል ስንት ማይክሮሄንሪ እንደሆነም ይነግርሻል። ፊልተርን በመገመት መሥራት የሚያበቃው ያኔ ነው።

ወደፊት ማሰራጫ ስትሠሪ ደግሞ አንቴና ከማገናኘትሽ በፊት ዳሚ ሎድ፣ ማለትም በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል ሬዚስተር፣ ያስፈልግሻል። ሁለት 100 ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ብታደርጊ 50 ኦም ነው። በሽቦ የተጠቀለለ ሬዚስተር አይሁን፤ እሱ ራሱ ኮይል ነው። ዋቱንም አትርሺ፤ ሩብ ዋት ሬዚስተር ላይ 5 ዋት ብትልኪ ጭሱን ነው የምትለኪው። ከላዩ ዳዮድና ካፓሲተር ጨምረሽ ጫፉን በመልቲሜትር ለኪ። 10 ቮልት ጫፍ ካለ 1 ዋት ነው። ዳዮዱ የሚበላውን 0.6 ቮልት ግን መልሰሽ ደምሪበት።

ኮድ_በኮድ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ዘመን ይሄ ሁሉ ሽቦ መጠምጠም ለምንድን ነው? አንድ የዩኤስቢ ኤስዲአር (በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ) ትሰኪያለሽ፣ የቀረው ኮድ ነው። ሚክሰሩም፣ ፊልተሩም፣ ዲሞዱሌተሩም ሶፍትዌር ውስጥ ነው። እኔ ካውያ ነክቼ አላውቅም፤ ሁሉንም ነገር እየሰማሁ ነው።

ጋሽ_ሽቦ፦

@ኮድ_በኮድ ወንድሜ፣ ያ የዩኤስቢ ዱላ ሲከፈት እኮ ውስጡ ኦሲሌተር፣ ሚክሰርና ፊልተር ነው። ሰው ሠርቶልህ ነው። ጠንካራ የኤፍኤም ጣቢያ አጠገብህ ቢኖር ያ ባለ 8 ቢት ዱላ ይደነቁራል። ያኔ ከፊቱ የምታስገባውን ፊልተር ኮድ አይጽፍልህም።

ግን ጥሩ አስታወስከኝ። እህተ ሞገድ፣ አርቲኤል ኤስዲአር፣ ያ የዩኤስቢ ዱላ፣ ካለሽ ግሩም መለኪያ ነው። የተለመደው ከ24 ሜጋኸርዝ ወዲያ ስለሚሰማ 7 ሜጋኸርዝን በቀጥታ ላያይ ይችላል። ግድ የለም። ኦሲሌተር ሁሉ ሃርሞኒክ (የፍሪኩዌንሲው 2፣ 3፣ 4 እጥፍ የሆነ ሲግናል) አለው። 4ኛውን ሃርሞኒክ 28 ሜጋኸርዝ አካባቢ ፈልጊው። አጭር ሽቦ አጠገቡ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፤ ሰርኪቱን አትነኪም። ደግሞ 4 እጥፍ አጉልቶ ነው የሚያሳይሽ። ኦሲሌተሩ 100 ኸርዝ ቢንሸራተት ስክሪኑ ላይ 400 ሆኖ ታዪዋለሽ። ትንፋሽሽ ሲያርፍበት እንኳ መስመሩ ሲታጠፍ ይታያል።

@ዲሲቤል ሲሙሌተሩን አልጠላሁም። 3 ፒኮፋራድ ጨምሪ የምትለው ግን 3 መሆኑን በእጅህ ስላወቅህ ነው። እሷ መጀመሪያ በእጇ ትወቀው።

እህተ_ሞገድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዘግይቼ የመጣሁት እየሠራሁ ስለነበር ነው።

መዳብ ሰሌዳ ላይ ሠራሁት። በቶሮይዱ ቀዳዳ አንድ ሽቦ አሳልፌ ስለካው 6.63 ሆነ። ወደ ኋላ ሳሰላው ትርፉ 23 መሆኑ ቀርቶ 8 ፒኮፋራድ ብቻ ነው። እጄን ሳስጠጋም ያ መንቀጥቀጥ በጣም ቀንሷል። ከዚያ ኢንዳክታንስ በዙር ስኩዌር የሚሄድ ከሆነ ፍሪኩዌንሲው በዙር ልክ ተቃራኒውን ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። 6.63 ሲባዛ በ33፣ ሲካፈል ለ31፤ 7.06። ሁለት ዙር ፈታሁ። ስክሪኑ ላይ 7.06 ሲመጣ ብቻዬን ጮህኩ።

ድምፅ ማጉያውም እርስዎ እንዳሉት “እምምም” አለ። ሚክሰሩን በ4 ዳዮድ ሠራሁት፤ ለትራንስፎርመሮቹ ኤፍቲ37-43 የሚባለውን ቶሮይድ ተጠቀምኩ። ረጅም ሽቦ አንቴና ሳደርግበት የሞርስ ድምፅ ሰማሁ! ትንሽ ቆይቶ ግን ፍሪኩዌንሲው ቀስ እያለ ይሸሻል። ሲመሽ ደግሞ የትም ብሄድ የሆነ የሬዲዮ ጣቢያ ሰው ያወራል። ኦሲሌተሩን ሳዞርም አይጠፋም፣ አይቀየርም። የመግቢያ ፊልተሬ አንድ የኤልሲ ታንክ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ሽቦ፦

ጎሽ! ሁለት ዙር ከመፍታትሽ በፊት 7.06 ብለሽ መጻፍሽ ከሞርሱ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል።

መሸሹን በተመለከተ፦ ቀዩ ቶሮይድ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 95 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 95 እጅ) ይለወጣል። ፍሪኩዌንሲው የዚያን ግማሽ ይሄዳል። 7 ሜጋኸርዝ ላይ ሲሰላ በአንድ ዲግሪ ከ300 ኸርዝ በላይ ነው። ሞርስ የሚያዳምጥ ጆሮ ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ቢጫው፣ ቲ50-6 የሚባለው፣ 35 ፒፒኤም ነው። በዙር ስኩዌር 4 ናኖሄንሪ ስለሚሰጥ ዙሩን ወደ 34 ከፍ አድርጊ። ሽቦውን ጠበቅ አድርገሽ ጠምጥሚ፤ የላላ ሽቦ ሲሞቅ ይንቀሳቀሳል። ካፓሲተሮቹ ሲ0ጂ የሚል የተጻፈባቸው ይሁኑ፤ ኤንፒ0 ማለትም እሱው ነው። ታንኩ ውስጥ በሙቀት የሚለዋወጠው ኤክስ7አር ካፓሲተር ካለ ዛሬውኑ አውጪው፤ እሱ ለባትሪ መስመር ነው። የኦሲሌተሩን ቮልት በ78ኤል05 (5 ቮልት የሚያረጋጋ ቺፕ) ለብቻው አረጋጊ። ድምፅ ማጉያው ጮክ ሲል የባትሪው ቮልት ይወርዳል፤ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይወዛወዛል። ከዚያ በኋላ ሰርኪቱን ነፋስ እንዳያገኘው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ክተቺው። እጅሽን ስታስጠጊ የቀረችው ትንሽ መንቀጥቀጥም አብራ ትጠፋለች።

የሚያወራው ሰውዬ ደግሞ ኦሲሌተርሽን አልፈለገውም። ጠንካራ የኤኤም ጣቢያ ነው። ሚክሰሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች እንደ ድሮ ክሪስታል ሬዲዮ ራሳቸው ዲቴክት እያደረጉት (ድምፁን እያወጡት) ነው። ለዚህ ነው ብታዞሪም ባታዞሪም የማይጠፋው። የሚመሽበትን ሰዓት የመረጠው የአጭርና የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ማታ ከሩቅ ስለሚመጡ ነው።

ቀላሉን መጀመሪያ ሞክሪ። አንቴናውና ፊልተሩ መካከል 1 ኪሎኦም ፖቴንሺዮሜትር አስገቢና ሲግናሉን ቀንሺ። ይህ ጣቢያ የሚሰማው በኃይሉ ስኩዌር ስለሆነ አንቴናውን 10 ዲሲቤል ብትቀንሺ እሱ 20 ይወርዳል። ሞርሱ ግን የሚወርደው 10 ብቻ ነው። በዚህ ባንድ ላይ ማታ አየሩ ራሱ ጫጫታ ስለሆነ የምታጪው ነገር የለም።

ካልበቃ ሚክሰሩን እዪው። 4ቱ ዳዮዶች መመሳሰል አለባቸው። መልቲሜትርሽ ዳዮድ መለኪያ ካለው ከብዙዎቹ መካከል ቁጥራቸው የተቀራረበ 4 ምረጪ። ስትለኪ በጣትሽ አትያዢያቸው፤ ሙቀቱ ቁጥሩን ያወርደዋል። ኦሲሌተሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ሚክሰር 7 ዲቢኤም፣ ማለትም 5 ሚሊዋት ገደማ፣ መስጠት አለበት። በቀጥታ ከታንኩ ከወሰድሽ አይደርስም፤ ታንኩንም ታደክሚዋለሽ። መሃል ላይ ባፈር (ታንኩን ሳያደክም ሲግናሉን የሚያሳልፍ ማጉያ) አስገቢ።

ዲሲቤል፦

ለመግቢያው አንድ ታንክ አይበቃም። ሁለት ታንክ አድርጊና በትንሽ ካፓሲተር አያይዢያቸው፤ ከ4 እስከ 5 ፒኮፋራድ። ካፓሲተሩ ሲበዛ ግራፉ ሁለት ጉብታ ያወጣል፤ ሲያንስ ሲግናሉን ይበላዋል። ይህን ያለ ናኖቪኤንኤ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ዕድሜ ይፈጃል። ያለው ሰው ለአንድ ቀን ቢያውስሽ ይበቃል።

እህተ_ሞገድ፦

ፖቴንሺዮሜትሩን አሁኑኑ ሞከርኩት። ሰውዬው ጠፋ፣ ሞርሱ ቀረ! ባፈሩን እየሳልኩ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ከኦሲሌተሩ ወደ ባፈሩ የሚሄደው ካፓሲተር ስንት ይሁን? 100 ፒኮፋራድ ልል ነበር።

ጋሽ_ሽቦ፦

ኧረ በዛ! ያ ከታንኩ ጋር እኩል ነው። ከ5 እስከ 10 ፒኮፋራድ ጀምሪ፤ ባፈሩ ጄፌት (መግቢያው ታንኩን ብዙ የማይጫን ትራንዚስተር) ከሆነ እሱም ይበቃዋል። ግን እሱንም ታንኩ ሂሳብ ውስጥ አስገቢውና ፍሪኩዌንሲው ስንት እንደሚወርድ ከመበየድሽ በፊት ጻፊልን።